መረረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምህ ከአሜሪካ ሲመጣ አራት ጣሳ አይፒኤ የሚባለውን መራራ ቢራ አምጥቶልህ፣ ለገጣፎ ቤትህ አንዱን ስትከፍተው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ስትቀዳው ደፍርሶ ታየህ፤ ስትቀምሰው ደግሞ ኮሶ ሆነብህ። «ተበላሽቶ ነው ወይስ ጠባዩ ነው? ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው?» ብለሃል። እኔ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከቀማሾቹም አንዱ ነበርኩ። አሁን ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ እንዲህ ያለ ቢራ ባገኘሁ ቁጥር ብርጭቆዬን ይዤ እቀመጣለሁ። እባክህ የቀሩትን ሦስቱን እንዳትደፋቸው።

መገንፈሉ አያስጨንቅህ። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ የታሸገ ጣሳ እኛ ጋ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲከፈት የውጭው አየር ግፊት ያነሰ ስለሆነ ጋዙ በኃይል ይወጣል። በዚያ ላይ በሻንጣ ተንገላቶ ነው የመጣው። ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቁመው፣ ቀስ ብለህ ክፈተው። በደንብ ቀዝቅዞ፣ ረግቶም ቆይቶ ከገነፈለና ከኮመጠጠ ግን ያኔ ሌላ ነገር ገብቶበታል።

ድፍርሱም እንደዚያው ነው። አሁን ብዙ ጠማቂ ሆን ብሎ አጃና ስንዴ ጨምሮ፣ ሳያጣራ የሚያወጣው ዓይነት አለ። ጣሳው ላይ «ሄዚ» የሚል ካለ ድፍርስነቱ የታሰበበት ነው።

ዋናው ምሬቱ ነው። የሚያመጣው ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕ የሚባል ተክል ነው። ብዙ ሰው ሆፕን ጌሾ ይለዋል፤ ሥራቸው ስለሚመሳሰል አይፈረድበትም። ግን ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ የምንጠቀመው ቅጠሉንና እንጨቱን ነው። ሆፕ ሐረግ ነው፣ የሚፈለገውም የሴቴዋ አበባ ነው። አበባዋን ብትፈለቅቃት ውስጧ ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ብናኝ ታገኛለህ፤ ምሬቱም ሽታውም ያለው እዚያ ነው። ምሬቱ የሚወጣው ሲንተከተክ ነው፤ ሽታው ደግሞ ሲንተከተክ ይተናል። ስለዚህ ጠማቂው ለምሬቱ መጀመሪያ ላይ፣ ለሽታው መጨረሻ ላይ ይጨምራል። እርሾው ሥራውን ካገባደደ በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛው ቢራ ውስጥ ጥሬውን የሚነክርም አለ።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ቤት አንድ ጣሳ ይዤ ሄድኩ። ለዓመት በዓል ጠላ ስትጠምቅ ሰፈሩ የሚያውቃት ሴት ናት። ብርጭቆውን ስሰጣት አልቀመሰችም፤ አፍንጫዋን አስጠግታ ትንሽ ቆየችና «ይሄ ጌሾው ጥሬውን ነው የገባው» አለችኝ። ጣሳውን አዙሬ አየሁት፤ ሆፑ በመጨረሻ ሳይቀቀል እንደተነከረበት ተጽፏል። ከዚያ አንድ ጊዜ ተጎነጨች፣ ዋጠችና ዝም አለች። ጠላም ስትቀምስ እንዲሁ ናት፤ ከዋጠች በኋላ ነው የምትጠብቀው። ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ከተቀመጠ «ጌሾው በዝቷል» ትላለች፤ መጥቶ ከሄደ «ተስማምቷል» ትላለች። ፋብሪካ ውስጥ በቅጽ የተማርኩት ሁሉ ከዚህ አይበልጥም።

አንተም እንዲሁ አድርግ። ከፍሪጅ አውጥተህ አንድ ሩብ ሰዓት አቆየው፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በረዶ የሆነ ቢራ አይሸትም፣ የሚቀርልህ ምሬቱ ብቻ ነው፤ ኮሶ የሆነብህም አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። የወይን ብርጭቆ ካለህ እስከ ግማሽ ቅዳና አረፋው ሳይወርድ አሽት። የብርቱካን ልጣጭ፣ ማንጎ፣ የጥድ ቅጠል ከሸተተህ ሆፑ በሕይወት አለ። ከዚያ ተጎንጭ፣ አፍህ ውስጥ አዙረው፣ ዋጠው። እንደ ወይን ቀማሾች አትትፋ፤ የቢራ ምሬት የሚለየው ከተዋጠ በኋላ ነው። ከሥሩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ያለ የብቅል ጣዕም ሊኖር ይገባል፤ እሱ ከሌለ ምሬቱ ብቻውን ይቆማል። ጥሩ ምሬት ሌላ ጉንጭ ያስመኝሃል። መጥፎው እንደ እሬት ይለጠፋል፣ ወይም እንደ ጥሬ ሙዝ ምላስህን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል።

ከዶሮ ወጥ በኋላ ከቀመስከው ደግሞ ፍርድህን አልቀበልም። በርበሬና ምሬት ይቀጣጠላሉ። እኛ የምንቀምሰው ከምሳ በፊት ነበር፣ ቡናም ሳንጠጣ። ዳቦና ውሃ ይበቃሃል።

ላገር የሚባለው የተለመደው ቢራ በምሬት መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ25 አይበልጥም፤ የአሜሪካ አይፒኤ ግን ከ40 እስከ 70 ነው። አልኮሉም ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ስለሆነ አንዱን ጣሳ ለሁለት ተካፈሉት፣ መኪናም አትንዳ። ቢጄሲፒ የሚባለው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ማኅበር ከ50 ነጥብ ሲያርም ለጣዕም 20፣ ለሽታ 12፣ ለአጠቃላይ ግምት 10፣ ለአፍ ስሜት 5 ይሰጣል፤ ለመልክ 3 ብቻ ነው። በድፍርሱ የደነገጥከው እንግዲህ በሦስት ነጥብ ነው።

በእውነት የተበላሸውን እንድታውቀው፦ የብርቱካኑ ሽታ ጠፍቶ እንደ ረጠበ ካርቶን ወይም እንደ ከረመ ማር ከሸተተ አርጅቷል። የቅቤ ሽታ የጠማቂው ጥፋት ነው። ኮምጣጤ ከሆነ ድፋው። ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ በውድ ዋጋ የገዛሁትን መቼም አልረሳውም፤ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ፣ ቤት ስከፍተው ሽታው ሞቶ ምሬቱ ብቻ ቀርቷል። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ያ ቢራ ሲወጣ ጥሩ ነበር። ሆፕ የበዛበት ቢራ እንደ ጠጅ እየቆየ አይጣፍጥም፤ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ በሦስት ወር ውስጥ ቢጠጣ ነው የሚሻለው።

ስለዚህ ሦስቱን ጣሳዎች አሁኑኑ ፍሪጅ አስገባና ቂጣቸውን ገልብጠህ እይ። የታሸገበት ቀን ነው ወይስ የሚያበቃበት? አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 06/09 ካለ ጁን 9 ነው እንጂ ሴፕቴምበር 6 አይደለም። ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስንት ወር እንደሆነው አብረን እናሰላዋለን።