«ሙዚቃው ሐዘኑን ያጅባል» ይባላልን?

ጥያቄ፦ በፊልም ውስጥ ሙዚቃ ስሜትን እንዴት እንደሚያስተላልፍ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሙዚቃው የባለታሪኩን ሐዘን ያጅባል» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳልን? «ሀርመኒ» የሚለውንስ «ስምምነት» ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የሚፈታው «አጀበ» የሚለውን ግስ በመመርመር ነው። ማጀብ ማለት ሹምን ወይም ሙሽራን ከፊትና ከኋላ ከብቦ መሸኘት ስለሆነ፣ አጃቢ ምንጊዜም የሚከተለው ባለቤት አለው። «ማጀቢያ ሙዚቃ» የሚለው ስያሜም ሙዚቃው ትዕይንቱን እንደሚከተል ስለሚያመለክት፣ «ትዕይንቱን ያጅባል» ቢሉ የሚነቅፍዎ የለም። ሐዘኑን የፈጠረው ራሱ ሙዚቃው ከሆነ ግን «ያጅባል» ማለት ሥራውን ማሳነስ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም ያስታውሱ። ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲታይ አስቦ ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን ድርሰቱን አዘጋጅቶ ካሰማው በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ኸርማን ለፊልሙ የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ትዕይንት ቫዮሊኖቹ እጅግ ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ እርስ በርስ የሚጋጩ ኖታዎችን ደራርበው እየደጋገሙ ይጮኻሉ። እዚህ ላይ ሙዚቃው አጃቢ ሳይሆን ከገዳዩ ጋር የሚወጋ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ማሲንቆ ይገዘገዛል እንላለን፤ «ተጫወተ» በሚለው አንድ ግስ ሁሉንም ከመሸፈን ይልቅ፣ ለእነዚህ ቫዮሊኖች «ይገዘግዛሉ» ቢባል ድርጊቱንም ፍርሃቱንም አንድ ላይ ይገልጻል።)

ሙዚቃው በትዕይንቱ ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ለመግለጽ «ድባብ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይስማማዎታል። ድባብ በጥንት ፍቺው በመኳንንትና በታቦት ላይ የሚዘረጋ ትልቅ ጥላ ነው። «ድባብ ይፈጥራል» የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ባይሆንም፣ «የሐዘን ድባብ ያጠላበታል» ብንል ስሙና ግሱ ከአንድ ምስል ስለሚመነጩ ዓረፍተ ነገሩ ይሰምራል። ስለዚህ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር «ሙዚቃው በትዕይንቱ ላይ የሐዘን ድባብ ያጠላበታል» ብዬ አርመዋለሁ።

ወደ «ሀርመኒ» ስንመጣ፣ «ስምምነት» የሚለውን ትርጉም አልደግፍም። ሀርመኒ ማለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲሰሙ የሚፈጥሩት ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱ የሚጣጣምም የሚጋጭም ሊሆን ይችላል። የኸርማን ቫዮሊኖች አስፈሪ የሆኑት ድምፆቻቸው ባለመስማማታቸው ስለሆነ፣ ያንን «የስምምነት ጥበብ» ብለን ብንጠራው አንባቢን እናሳስታለን። እኔ የምመርጠው «ኅብረ ድምፅ» የሚለውን ነው። ኅብረ ቀለም የተለያዩ ቀለሞች፣ ኅብረ ቃልም በአንድ ቃል ያደሩ ሁለት ፍቺዎች እንደሆኑ ሁሉ፣ «ኅብር» ልዩነትን ሳያጠፋ በአንድነት ይይዛል። ነባሩ ዜማችን በአመዛኙ በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ ስለሆነ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የቆየ ቃል አለመኖሩ አያስደንቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «ሀርመኒ ወይም ኅብረ ድምፅ» ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ በኋላ አንዱን ብቻ ይያዙ።

ኅብረ ድምፅን ከ«ቅኝት»፣ ማለትም ዜማው ከሚመላለስባቸው የተመረጡ ድምፆች ሥርዓት ጋር እንዳያምታቱ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሚሰሙት የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ልዩነቱን ያሳያሉ፦ ዜማው በአምስት ድምፅ ቅኝት ሲሄድ፣ ከሥሩ ያለው ኅብረ ድምፅ የጃዝ ነው። «ሜጀር» እና «ማይነር» የሚባሉትን ሁለት የምዕራባውያን የድምፅ ሥርዓቶች የደስታና የሐዘን ቅኝት ብሎ መተርጎምም አያዋጣም፤ ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ትዝታ፣ ወደ ሜጀር የሚቀርበው ሙሉውም ይሁን ወደ ማይነር የሚቀርበው ግማሹ፣ ሁለቱም ለናፍቆት ይዘፈኑበታልና።