ስለ ፒዲኤፍ፣ ስለ ሚሞሪና ከግሩፕ ስለ መባረር የጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የአንድ የመጻሕፍት ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ሰሞኑን አንድ አዲስ ልብ ወለድ ሙሉውን በፒዲኤፍ ተለቀቀና አጠፋሁት። ግማሹ «አበጀህ» አለኝ፣ ግማሹ «ማን ሾመህ?» አለኝ። የሚከነክነው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ መጽሐፉን በገዛ ብሬ ነው የገዛሁት። ስካን አድርጌ ብለቀው ምን ነውር አለው?

ወንድሜ፣ የገዛኸው አንዱን ቅጂ ነው። እሱን ማዋስ ትችላለህ፣ መሸጥም ትችላለህ። ማባዛትና ማሰራጨት ግን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ነው። አዋጁ ከታተመ ሥራ ላይ ለግል አገልግሎት ብቻ የሚሆን አንድ ቅጂ ማድረግን በመጠኑ ይፈቅዳል፤ ሦስት ሺህ ሰው ላለበት ግሩፕ መልቀቅ ከዚህ ጋር በምንም አይገናኝም። እዚህ አገር ስንቱ ደራሲ ነው ማተሚያ ቤት የሚከፍለውን ከዘመድ ተበድሮ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ የሚዞር? ፒዲኤፉ ከወጣ በኋላ ያ ሰው ዕዳውን በምን ይክፈል?

ከእነዋሪ፦ የደራሲውን ስም ጽፌያለሁ። «ለትምህርት ብቻ» ብዬም ነበር።

ስም መጥቀስ ግዴታ ነው፤ ፈቃድ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። መምህር ከሆንክ ለምታስተምረው ነገር የሚያስፈልግህን ያህል ምንጩን ጠቅሰህ መጠቀም ትችላለህ። ሙሉውን መጽሐፍ መበተን ግን ማስተማር አይባልም።

ከዓለም ከተማ፦ የድሮ መጻሕፍትስ? ደራሲዎቹ እኮ ሞተዋል።

መቼ እንደሞቱ እይ። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። የእናንተው የመርሐቤቴ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1931 ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። መጻሕፍታቸውን ስካን አድርገህ ብትለቅ እኔ ራሴ ፒን አደርግልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፤ በቅርብ የታተመ ከሆነ መግቢያውና የግርጌ ማስታወሻው የሌላ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ያንን ተወው።

ከመሐል ሜዳ፦ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች እንጀራቸው ነው። እነሱንም ሌባ ልትላቸው ነው?

እህቴ፣ እኔም እጭን ስለነበር ይሄን ጥያቄ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ያ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ጋቢ የለበሱ መሰንቆ ተጫዋች ሱቅ ገቡ። ከመንዝ ነው የመጡት። አንድ የድሮ ዘፈን ስም ጠሩና «አለህ ልጄ?» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግኩና ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ሰሙት። የራሳቸው ድምፅ ነበር። ካሴቱ ስለጠፋባቸው ለልጃቸው ስልክ ሊያስጭኑት ነው የመጡት። አስር ብር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አልቀበልም ብል እሺ አላሉኝም። ያንን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሸጥኩት አላውቅም። እሳቸው አንድም ቀን ሳንቲም አላገኙበትም። እኔ ከዚያ በኋላ መጫን አልቻልኩም። ልጆቹን ሌባ አልልም፤ ሥራ አጥተው የገቡበት ነው። ግን ሆን ብሎ መብት መጣስ በሕጉ ወንጀል ነው፤ ለመከሰስ የሚቀርቡትም ዘፈኑን በኢንተርኔት ከለቀቀው ሰው ይልቅ እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ሱቃቸው በር ላይ ይገኛሉ። በ2007 በወጣው የአዋጁ ማሻሻያ ሥራቸው ለንግድ በሕዝብ መሀል ሲደመጥ ባለመብቶች በማኅበር በኩል ሮያሊቲ፣ ማለትም የሥራቸውን ክፍያ፣ የሚሰበስቡበት መንገድ ተቀምጧል። ዘፋኝ ዘመድ ያላችሁ ይሄን ንገሩልኝ።

ከደብረ ሲና፦ አድሚን ፖስቴን አጥፍቶ ባን አደረገኝ። ምክንያቱን እንኳ አልነገረኝም። ይሄ መብቴ አይደለም?

ሕጉ የሚጠብቀው የሠራውን ሰው ነው፤ የለቀቀውን አይደለም። ግሩፕ ደግሞ እንደ ሰው ቤት ነው፣ ባለቤቱ ውጣ ካለህ ትወጣለህ። እንዲህም ሆኖ አንተ ላይ የተሠራው ልክ አይመስለኝም። ለመጀመሪያ ጥፋት ማጥፋትና መንገር ይበቃል። ባን ከተደጋገመ በኋላ ነው። አድሚኖች ብዙ ከሆኑ ማን እንዳጠፋው መካካድ ይመጣል፤ ቴሌግራም ላይ ግን አድሚኖች ያለፉትን 48 ሰዓት ድርጊቶች መዝገብ ገብተው ማየት ይችላሉ። ሌላውን አድሚን በጨዋ ቃል ጠይቀው፣ መዝገቡ ሳያልፍ። እኛ ግሩፕ ውስጥ የምናጠፋበትን ምክንያት በአንድ መስመር መጻፍ ከጀመርን ወዲህ ጭቅጭቁ በጣም ቀንሷል።

ከአንኮበር፦ ያነሳሁትን ፎቶ አንድ ፔጅ የራሱን ሎጎ ለጥፎበት አወጣው። አላስመዘገብኩትም።

ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ፎቶ ጥበቃው 25 ዓመት ነው። ካሜራሽ ላይ ያለውን ኦሪጅናል እንዳታጠፊ። መጀመሪያ ከነሊንኩና ከነቀኑ ስክሪንሾት ያዢ፣ ከዚያ ጻፊላቸው። ቀድመሽ ከተቆጣሽ አጥፍተውት «የት አለ?» ይሉሻል። እምቢ ካሉ በኮፒ ራይት ሪፖርት አድርጊ።

ከደብረ ብርሃን፦ የተጣላኝ ልጅ የራሴን ቪዲዮ «የኔ ነው» ብሎ ዩቲዩብ ላይ አስጠፋብኝ።

ይሄ በጣም ያናድደኛል። የቅጂ መብትን ለቂም መወጫ ማድረግ የእውነተኛ ባለመብቶችንም ቃል ያረክሳል። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ ከደረሰህ ቻናሉን ልታጣ ትችላለህ፣ ስለዚህ ዝም አትበል። የተቃውሞ ማመልከቻ ላክ። ከሳሹ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄዱን ካላሳየ ቪዲዮህ ሊመለስልህ ይችላል። ማመልከቻው ስምህንና አድራሻህን ለከሳሹ እንደሚያሳየው ግን ቀድመህ እወቅ፤ ልጁ የሚያሰጋህ ከሆነ ከመላክህ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር።