ፔዳሉ ደህና ነው፤ ችግሩ የገባበት ቀዳዳ ነው

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ተከራይቶ ከሚኖር ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ዙም ጂ1 ፎር የሚባል መልቲ ኢፌክት ፔዳል (የጊታርን ድምፅ በብዙ ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ) አለኝ። በሄድፎን ሲሰማ ይጥማል። በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ግን ድምፅ አይገባም። በማይክ ቀዳዳው ሳስገባው ደግሞ ይንጫረራል፣ እምም ይላል፣ የመታሁትም ዘግይቶ ይሰማኛል። ተበላሽቶ ነው ወይስ ሸጬው ሌላ ልግዛ?»

እንዳትሸጠው። ምንም አልሆነም።

የዚህ ፔዳል ዩኤስቢ ድምፅ ለመቅዳት አልተሠራም። ኢፌክት ለመጨመርና ለማስተካከል ነው። እንደ ቦስ ጂቲ-1 ያሉት ግን ራሳቸው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ናቸው፤ በአንድ ገመድ ነገሩ ያልቃል። ፔዳል ልትገዙ ያሰባችሁ ሌሎቻችሁም ቀዳዳ ስላያችሁ ብቻ ብር እንዳታወጡ። መመሪያው ላይ «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» የሚል መኖሩን እዩ።

የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ የሚጠብቀው በጣም ደካማ ሲግናል ነው። ከፔዳል የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ገና ሲገባ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ በደንብ አይመለስም። የላፕቶፑ ጫጫታ ማፈኛም አለ፤ ረጅም የተያዘ ኖታ የማራገቢያ ድምፅ መስሎት ይውጠዋል። ለጊዜው ሌላ አማራጭ ከሌለህ የፔዳሉን ድምፅ ዝቅ አድርግ፤ ዊንዶውስ ላይ የማይክ ቡስትና ማሻሻያ የሚሉትን አጥፋ። ይሻሻላል፣ ግን አይድንም።

የሚያድነው ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። ቤሪንገር ዩኤም2 ለአንተ ሥራ ይበቃል፤ ያገለገለም ቢሆን አትናቀው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካጣኸው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣልህ። ሲመጣ ግን ገመዱ ላይ ተጠንቀቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፔዳልህ መውጫ ለሄድፎንም ስለሚያገለግል ስቴሪዮ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ባለው የስቴሪዮ ጃክ ከኢንተርፌሱ ላይን መግቢያ ጋር ካገናኘኸው፣ መግቢያው የግራውንና የቀኙን ልዩነት ብቻ ነው የሚወስደው። በሁለቱም በኩል እኩል ያለው ጊታር ይጠፋል። የሚቀርህ ከሩቅ የሚመጣ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ብቻ ነው። ስለዚህ ተራውን የጊታር ገመድ ተጠቀም፣ አንድ ቀለበት ያለውን። ዩኤም2 ላይ «ማይክ/ላይን» የሚለው ውስጥ ስካው፤ «ኢንስትሩመንት» የሚለው ጊታርን በቀጥታ ለመሰካት ነው። ድምፁ ሲጠነክር በመቅጃ ፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከቀይ መስመሩ ወደ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቆይ።

አሁንም የሚያቃጭል ከሆነ ፓችህን (ፔዳሉ ላይ የመረጥከውን የድምፅ ቅንብር) ክፈትና ካቢኔት (የጊታር ስፒከር ሳጥንን የሚመስለው ኢፌክት) አለው ወይ ብለህ እይ። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ኢፌክት) ደግሞ የሚያቃጥለው እዚያ ነው። ፔዳል በእውነተኛ አምፕ (የጊታር ማጉያ) የሚጫወት ሰው ካቢኔቱን ያጠፋል፣ ትክክልም ነው። አንተ ግን አምፕ የለህም፤ አብራው። አንድ አምፕ፣ አንድ ካቢኔት። ሁለት አምፕ መደራረብ ለጀማሪ ጭቃ ነው። ጋይኑንም (የማሻከሪያውን መጠን) ብቻህን ስትጫወት ከሚጥምህ ቀነስ አድርገው፤ ከበሮና ቤዝ ሲገቡ ይሞላል።

መዘግየቱ የበፈር ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው የናሙና ብዛት ማለት ነው። በፈሩ 1,024 ከሆነ በ44,100 ኸርዝ ሲገባ ብቻ 23 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ ሲወጣም ሌላ ይጨምራል። 128 ብታደርገው ወደ 3 ይወርዳል፣ ግን የደከመ ላፕቶፕ ድምፅ ማቆራረጥ ይጀምራል። እኔ ከዚያ ጋር አልታገልም። ኢንተርፌሱ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚለውን ተጫንና ሄድፎንህን እዚያው ሰካ፤ ድምፅህ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ይሰማሃል። ሪፐር (የመቅጃ ፕሮግራም) ላይ የትራኩን ሞኒተር አጥፋ፣ ያለዚያ ድምፅህን ሁለት ጊዜ ትሰማዋለህ።

እምምታው? በየኪራይ ቤቱ አርዝ የሌለው ሶኬት ሞልቷል። ስትቀዳ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል። ፔዳሉንም በ4 የባትሪ ድንጋይ አሠራው፤ መብራት ሲሄድም አትቋረጥም። አዳፕተር የምትገዛ ከሆነ 9 ቮልት፣ መሃሉ ነጌቲቭ መሆኑን ሳታይ አትሰካ። ጊታርህ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ድምፅ መያዣ) ካለው ወንበርህን ትንሽ ዞር አድርግ፤ ድምፁ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ። ኖይዝ ጌትን (ደካማ ድምፅን የሚዘጋውን) ግን አታክብደው። ትዝታ ቀስ ብሎ ሲሄድ የኖታው ጭራ ነው ዋናው፣ ጌቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

ዲስቶርሽንና ዋህ (በእግር የሚሠራው «ዋ-ዋ» የሚል ኢፌክት) አጨዋወትህን ስለሚለውጡ አብረህ ቅዳቸው። ሪቨርብና ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው) ግን ኋላ በኮምፒውተሩ ይጨመሩ። ዲሌይን ከፔዳሉ አብረህ መቅዳት ካማረህና ዘፈኑ ቺክቺካ ከሆነ፣ ምቱን ለሦስት ከፍለህ አስላ። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ዲሌዩን 333 ወይም 167 አድርገው። 250 ካደረግኸው ከከበሮው ጋር ይጣላል።