የአእምሮ ኃይል ክላስ ከመጨመርዎ በፊት ከአስማተኛው ይቀንሱ

ጠያቂያችን፣ የራስዎን የጠረጴዛ ላይ የምናብ ጨዋታ እያዘጋጁ መሆኑን ገልጸው፣ በአእምሮው ኃይል ብቻ ለሚሠራ ገጸ ባሕርይ ራሱን የቻለ ክላስ (የገጸ ባሕርዩን ችሎታ የሚወስን የሙያ ዓይነት) ያስፈልጋል ወይስ አስማተኛው ይበቃል ብለው ጠይቀዋል። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለአምስት ተጫዋቾች ጨዋታ ስመራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ጥያቄው እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ ስለሆነ ያየሁትን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። መልሴ «ያስፈልጋል» ነው፤ ነገር ግን ከአስማተኛው ላይ ቆርጠው ለመውሰድ ከቆረጡ ብቻ ነው።

በታዋቂው የምናብ ጨዋታ በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አስማተኛው የሰውን ሐሳብ የሚያነብበት፣ ዕቃን ሳይነካ የሚያንቀሳቅስበት፣ የሌላውን ፈቃድ የሚገዛበት ድግምት አስቀድሞ አለው። አዲሱ ክላስ ይሠራዋል የሚባለውን ሁሉ እርሱ ይሠራዋል፤ በዚያ ላይ እሳት ይወረውራል፣ ይበርራል። ጨዋታው ራሱም ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአእምሮ ኃይል ሕግ በተጨማሪ መጽሐፍ ገባ፤ በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ከእውቀት፣ ከጥበብና ከግርማ ነጥቦቹ በአንዱ 16 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ገጸ ባሕርይ ዳይስ ጥሎ በዕድል የሚያገኘው ጭማሪ እንጂ ክላስ አልነበረም። ሙሉ ክላስ ሆኖ በራሱ መጽሐፍ የመጣው በ1991 ነው። በአምስተኛው እትም ለሙከራ የቀረበው ክላስ ብዙ ነገር ለመሸከም ሞክሮ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በ2020 ኃይሉ ለተዋጊው፣ ለሌባውና ለሶርሰረሩ (አስማቱ በተፈጥሮው ላለው ክላስ) በንዑስ ክላስነት፣ ማለትም በነባሩ ክላስ ሥር እንዳለ ቅርንጫፍ፣ ተከፋፈለ፤ በ2025 እንደገና ለብቻው የሚቆም የሙከራ ክላስ ወጣ። ይህ ሁሉ መመላለስ ለእኔ የሚነግረኝ ሰዎች ክላሱን አጥብቀው እንደሚፈልጉትና ቦታው ግን በሌላ ክላስ የተያዘ መሆኑን ነው።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት የአስማተኛውን ሕግ ስሙን ብቻ ለውጬ ለአንዲት ተጫዋች ሰጠሁ። ተጫዋቿ ሦስት ሳምንት ተጫውታ «እኔ እኮ ያለ መጽሐፍ የምዞር አስማተኛ ነኝ» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። መውጫውን ያገኘሁት ወደ አገራችን ወግ ስመለስ ነው። በሰዉ ወሬ ውስጥ ያለው ደብተራ ኃይሉ በቃልና በጽሑፍ ነው፤ ካልደገመ፣ ክታቡን ካልጻፈ አይሠራለትም። በአንጻሩ በቀድሞው ዘመን የሌባ ሻይ ልማድ የሚመራው ልጅ መጽሐፍም ድግምትም አልነበረውም፤ መጠጥ ጠጥቶ፣ ጢስ ስቦ፣ ራሱን ስቶ ሌባ ወደተባለው ሰው ቤት ይመራ ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍለውም በገዛ ገላው ነበር። ልማዱ በልጆችም በተወነጀሉትም ላይ ግፍ የነበረበት በመሆኑ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ለጨዋታ ሕግ ግን ልዩነቱን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ አንዱ ከውጭ ተምሮ ያመጣዋል፣ ሌላው ከራሱ ቀንሶ ያወጣዋል።

ስለዚህ ሐሳብ ማንበብን፣ ፈቃድ መግዛትንና ዕቃ ማንቀሳቀስን ከአስማተኛው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ አወጣሁ። አዲሱ ክላስ ያለ ቃልና ያለ እጅ ምልክት ይሠራል፤ አፉ ቢታፈን፣ እጁ ቢታሰር ኃይሉ አይቋረጥም። ለኃይሉ መለኪያ ተጫዋቿ ፊት በቡና ስኒ አሥር የተቆላ ሽምብራ አደረግሁ። አንድ ኃይል በተጠቀመች ቁጥር አንድ ፍሬ ታወጣለች፤ ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላ መቀጠል ከፈለገች ከሕይወት ነጥቧ ትከፍላለች።

አንድ ቀን በንጉሡ ችሎት አንድ ምስክር በሐሰት ሲምል ነበር። ተጫዋቿ አንዲት ሽምብራ ብቻ ቀርታት ነበር። ፍሬዋን በሁለት ጣቷ ይዛ ከስኒው ከንፈር በላይ አቆየቻት፤ ሌሎቹ አራቱ ዳይሳቸውን አስቀምጠው እጇን ብቻ ያዩ ነበር። የምስክሩን ልብ ብታነብ እውነቱን ታውቃለች፤ ነገር ግን ዳኛው በልብ የተነበበን ነገር በማስረጃነት አይቀበልም፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ኃይል የምትፈልግባቸው በሩን የሚጠብቁ ወታደሮች አሉ። በመጨረሻ ሽምብራዋን ወደ ስኒው መልሳ ምስክሩን በጥያቄ ማፋጠጥ መረጠች። በአስማተኛ ክላስ እንዲህ ያለ ጭንቀት አይቼ አላውቅም፤ ክላሱ የራሱ ቦታ እንዳለው ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ዳኛው የማይቀበል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዓለምዎ ለዚህ ኃይል ሕግና መከላከያ ካላበጀ፣ ምስጢር ያለበት ታሪክ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ያልቃል። ጨዋታዎ ዋሻ ገብቶ ጭራቅ መግደል ብቻ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ንዑስ ክላስ ይበቃዎታል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ተጫዋቻችን፣ በዐይን ብቻ የሚሠራ ኃይል ነውና «ቡዳ» እንበለው ብሎ ነበር፤ አልተቀበልኩም። በእኛ አካባቢ ይህ ስም በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በተለይም በቤተ እስራኤላውያን ላይ እየተለጠፈ ሰው ያስገለለና ያስጠቃ ስም ነው፤ ጎንደር ተቀምጬ የጨዋታ መጠሪያ ላደርገው አልችልም። እኛ «ልበ ብርሃን» ብለነዋል። የአስማተኛዎን የድግምት ዝርዝር እዚህ ቢያስቀምጡልን የትኞቹ ወደ አዲሱ ክላስ ቢሻገሩ እንደሚሻል አብረን እናያለን።