ሳፋየር መስታወት ላይ የወጣ ጭረት፦ ለወልዋይ ከመስጠትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወንድምህ ከውጭ የላከልህ የስዊዝ ሰዓት መስታወቱ ሳፋየር ነው፣ ፀረ ነጸብራቅ ቅቡም በሁለቱም ገጽ ነው ተብሏል። አዳማ ላይ ዓመት ሳይሞላው ፀሐይ ሲመታው የሚታዩ ቀጫጭን ጭረቶች አወጣ። «ሳፋየር አይጫርም ሲባል እንሰማለን፤ ተሸውደን ይሆን?» ብለሃል። አንድ ሰዓት ሠሪ ደግሞ በዱቄት ወልውሎ ሊያጠፋልህ እንደሚችል ነግሮሃል። መልሴ፦ የተጫረው ሳፋየሩ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ቅብ ሳይሆን አይቀርም። ጭረቱ ብቻውን ሰዓቱን ፎርጅድ አያሰኘውም። ግን ከታች የምጽፍልህን ፍተሻ ሳትጨርስ ሰዓቱን ለማንም እንዳትሰጥ።

መጀመሪያ ቅቡ ለምን እንዳስፈለገ ልንገርህ፤ ይህን ካወቅህ የቀረው ሁሉ ይገባሃል። የሰዓት ሳፋየር በፋብሪካ የሚበቅል የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ላይ ይቆማል፤ አልማዝ 10 ነው። በጥንካሬው እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ብርሃን ላይ ነው። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.77 ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 7.7 በመቶውን ይመልሳል። የውጭና የውስጥ ገጹ ሲደመር 15 በመቶ ይጠጋል። ተራው ሚነራል መስታወት 1.52 ገደማ ስለሆነ በሁለቱም ገጹ የሚመልሰው ወደ 8 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅብ የሌለው ሳፋየር በአዳማ የቀትር ፀሐይ ከርካሹ መስታወት ብሶ ሰዓቱን ትቶ የራስህን ፊት ያሳይሃል።

ቅቡ ይህን የሚያስቀረው ብርሃኑን ውጦ አይደለም። ውፍረቱ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ሩብ ያህል እንዲሆን ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ከቅቡ ላይ የሚመለሰው ሞገድና ከቅቡ ሥር የሚመለሰው ሞገድ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየወደቀ ይጣፋሉ። የዘዴው ፓተንት በ1935 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ሌንስ ሠሪ የዛይስ ኩባንያ ፊዚክስ ባለሙያ በነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሥራ የተገኘ ነው። የተለመደው የቅብ ማዕድን ማግኒዥየም ፍሎራይድ ለአረንጓዴ ብርሃን፣ ማለትም ለ550 ናኖሜትር፣ ሲለካ 100 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር አካባቢ እንደሆነ አስብና አወዳድር። አንድ ንብርብር የሚሠራው በደንብ ለአንድ ቀለም ነው፤ ሰማያዊውና ቀዩ ጫፍ በከፊል ስለሚያመልጠው መስታወቱ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ንብርብሩ ሲበዛ ይህ ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሰማያዊ ጥላ ሲያይ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። ደማቅ ሰማያዊ ርካሽ ቅጂዎች ላይም ሞልቷል።

አሁን ወደ ጭረቱ። ማግኒዥየም ፍሎራይድ በሞስ 5 እና 6 መካከል ነው። የላይኛው ንብርብር ሲሊካ የሆነባቸውም ቢሆኑ ከ7 አያልፉም። አቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ 7 ነው። አዳማ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ነፋሷ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚተከልለት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ኳርትዝ ብቻ ሳይሆን እንደ ብርጭቆ የሚቧጭር ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አመድም አለ። መስኮት በሌለው ባጃጅ አሥር ደቂቃ ስትሄድ የሚያርፍብህን አቧራ በሸሚዝ እጅጌህ ጠረግህ ማለት ቅቡን በብርጭቆ ወረቀት አሸኸው ማለት ነው። ሳፋየሩ ከሥር ምንም አልሆነም። ጭረቱ ጎልቶ የሚታይህ ቅቡ በተነሣበት መስመር ላይ ያ 7.7 በመቶ ነጸብራቅ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው፤ በደበዘዘ ሜዳ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። መስታወቱን አጽዳና ማታ ከአንድ የ«ኤልኢዲ» አምፖል ሥር ሰዓቱን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ያዝ። የአምፖሉ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይታይሃል፤ አንዱ ከውጭው ገጽ፣ ሌላው ከውስጡ ገጽ የሚመጣ ነው። ከሰዓቱ ፊት ላይ የሚመጣ ሦስተኛ ነጸብራቅም ሊኖር ስለሚችል እንዳያሳስትህ። ሁለቱም ነጭና ደማቅ ከሆኑ ቅብ የለም። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ቅቡ በአንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ የውስጡ ነው። ሁለቱም ፈዛዛና ባለ ቀለም ከሆኑ በሁለቱም ገጽ አለ። የትኛው ምስል የየትኛው ገጽ እንደሆነ ለመለየት የጥርስ እንጨት ጫፍ መስታወቱን በቀስታ አስነካ። የእንጨቱ ጫፍና ምስሉ ያለ ክፍተት የሚገናኙበት ነጸብራቅ የውጭው ገጽ ነው፤ በመካከላቸው የመስታወቱን ውፍረት ያህል ክፍተት የሚታይበት የውስጡ ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ውጭው የተቀባ መስታወት የጣት አሻራ ሲያርፍበት አሻራው ከተለመደው በላይ ጎልቶ ባለ ቀለም እድፍ ይሆናል፤ ቅባቱ የቅቡን ስሌት ስለሚያፋልስ ነው።

ከዚያ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አቋርጠህ ሳብ። የቅብ ጭረት ጥልቀቱ ከአንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ስለሆነ ጥፍር አይዘውም። ጥፍርህ ከያዘ ወይ መስታወቱ ሳፋየር አይደለም፣ ወይ ሳፋየሩ ራሱ ሊጭረው ከሚችል ነገር ጋር ተገናኝቷል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ አይደለም፤ አልማዝ፣ ሲሊኮን ካርባይድ፣ የብየዳ ቤት መሞረጃ ዲስክ፣ የሴራሚክ መቁረጫ ዲስክ። ብየዳ ቤት ወይም ሴራሚክ ንጣፍ ላይ የምትሠራ ከሆነ ሰዓቱን አውልቅ፤ ለዚያ ቦታ የሚሆን ቅብ የለም። ሳፋየር መሆኑን ለማረጋገጥ የውሃ ጠብታ ፍተሻውን አትመን፤ ቅቡና የእጅ ቅባት ጠብታው የሚይዘውን ቅርጽ ይቀይሩታል። ወርቅ ቤቶች ለአልማዝ የሚጠቀሙበት ሙቀት የሚለካው ብዕር የተሻለ ነው። ሳፋየር ሙቀትን ከመስታወት እጅግ አብልጦ ያስተላልፋል፤ ቅቡም ይህን ለመጋረድ በጣም ስስ ነው። በሚነራል መስታወት ላይ ብዕሩ አይነቃነቅም ለማለት ይቻላል፤ በሳፋየር ላይ ግን ከፍ ይላል።

እንግዲህ ጭረቱ የቅቡ ከሆነ ሦስት መንገድ አለህ። የመጀመሪያው መተው ነው፤ ሰዓቱን ምንም አይጎዳውም፣ ውሃ መከላከሉንም አይነካም። ሁለተኛው የውጭውን ቅብ ሙሉ በሙሉ ማንሣት፣ ሦስተኛው መስታወቱን መቀየር ነው። ጭረቱን ብቻ ለይቶ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ የጎደለ ቅብ ተወልውሎ አይሞላም። «መልሼ እቀባዋለሁ» የሚልህም ካለ እለፈው። ቅቡ የሚጣለው አየሩ በተመጠጠ (ቫኪዩም) ክፍል ውስጥ ነው፤ ማግኒዥየም ፍሎራይድ ጠንክሮ እንዲይዝ መስታወቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ሰዓት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ቅቡን ማንሣት ይቻላል፣ ውጤቱም ጥሩ ነው፤ ግን ሰዓት ሠሪው ያለህ «ዱቄት» ምን እንደሆነ ጠይቀው። ለፕላስቲክ መስታወት የሚሸጡ ቅባቶች ምንም አይሠሩም። የሚያስፈልገው ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮን የሆነ የአልማዝ ፓስታ ነው። 3 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነው ቅቡን ቶሎ ያነሣል፤ አልማዝ ስለሆነ ግን ሳፋየሩም ላይ ጭጋግ የመሰለ ደቃቅ ጭረት ትቶ ይሄዳል፣ ያንን ለማጥፋት እንደገና ወደ ደቃቁ መውረድ ግድ ይሆናል። በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ብረት በማስኪንግ ቴፕ ሁለት ዙር ሸፍን፤ ፓስታው የተወለወለ ብረት ወይም የቁጥር ቀለበት ከነካ ምልክት ያወጣል። ሰዓቱ የሚስተካከልበት የጎን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ገብቶ መዘጋቱን አረጋግጥ። የምስር ፍሬ የምታህል ፓስታ በቂ ናት። በእጅ የሚሠራ ሰው ጠንካራ የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ቁራጭ ይዞ ክብ ክብ እያደረገ በትዕግሥት ይሥራ። በትንሽ ሞተር የሚሠራ ደግሞ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ያድርገውና በየ20 ወይም 30 ሰከንዱ ያቁም። መስታወቱ ለጣት ከሞቀ ከሥሩ ያለው የጎማ ወይም የናይለን ቀለበት ሊላላ ይችላል። በየመሃሉ ጠርጎ የአምፖሉን ምስል ማየት ያስፈልጋል፤ የውጭው ምስል ከሰማያዊ ወደ ነጭ ሲዞር ቅቡ አልቋል። ሰዎች የሚሳሳቱት መሃሉ ሲነጣ ማቆም ላይ ነው። ጠርዙ ላይ የቀረው ቅብ ሰማያዊ ቀለበት ሆኖ ይታያል፣ ከጭረቱም ይከፋል። ሲያልቅ የውጭው ገጽ 7.7 በመቶ መመለስ ይጀምራል፣ የውስጡ ቅብ ግን ስለማይነካ ጠቅላላው ከ8 እስከ 9 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ከተራ ሚነራል መስታወት ጋር የሚቀራረብ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስብህ፦ ይህን ሥራ ሚነራል መስታወት ላይ ከሞከርከው አልማዙ መስታወቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። የብዕሩን ፍተሻ አስቀድም ያልኩህ ለዚህ ነው። መስታወቱ ላይ ቀን ማጉያ ሌንስ የተለጠፈበት ሰዓት ከሆነም ተወው፤ በሌንሱ ጥግ ላይ ፓስታ እኩል አይደርስም።

መቀየር ከመረጥህ የአምራቹን መስታወት ማስመጣት ይሻላል። ገበያ ላይ የሚገኝ ሳፋየር ልትገጥም ካልህ ዲያሜትሩ በዲጂታል ካሊፐር እስከ 0.1 ሚሊሜትር ድረስ ይለካ፣ ውፍረቱም እንዲሁ። 0.1 ሚሊሜትር ከበለጠ ሲጫን ጠርዙ ይሸረፋል፣ ካነሰ ውሃ ያስገባል። ከመስታወቱ ሥር ያለው የጎማ ወይም የናይለን ቀለበት ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በአንድ ገጽ ብቻ የተቀባ መስታወት ከሆነ የተቀባው ገጽ ወደ ውስጥ ይግባ። ተገልብጦ መግጠም በየጊዜው የሚያጋጥም ስሕተት ነው፤ ከመጫኑ በፊት መስታወቱን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ያንኑ የጥርስ እንጨት ፍተሻ ማድረግ ይበቃል። የውስጡ ገጽ ከተዘጋ በኋላ የሚደርስበት ስለሌለ በጓንት ይያዝ፣ አንድ የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀርበት ይዘጋ።

ስለ ምርጫ ከጠየቅኸኝ፣ ለአዳማ የምመርጠው በውስጥ ገጽ ብቻ የተቀባውን ነው። የሰዓት አምራቹ ግራንድ ሴይኮ በብዛት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ብራይትሊንግና የኦሜጋው ሲማስተር ፕላኔት ኦሽን በሁለቱም ገጽ ይቀባሉ፤ ጥላ ውስጥ ስታያቸው መስታወት የሌለ እስኪመስል ያምራሉ፣ አቧራ ባለበት ግን ውበቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመልክ የሚቆጭህ ሰው ከሆንህ ሁለቱን ገጽ ያዝ፣ አጠራረጉን ግን ቀይር።

አጠራረጉ እንዲህ ይሁን። ደረቅ መስታወት በጭራሽ አይጠረግ፤ በሸሚዝ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በሶፍትም። መጀመሪያ እፍ በልበት ወይም የካሜራ መንፊያ ተጠቀም። ከዚያ ማዞሪያው መዘጋቱን፣ ሰዓቱም ውሃ የሚችል መሆኑን አረጋግጠህ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቅ፤ አሸዋው በውሃው ይሂድ። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጣትህ አሽተህ አለቅልቅና በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግህ አድርቅ፤ አትሽ። ውሃው መስታወቱ ላይ እንዲደርቅ ከተውከው ማዕድኑ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ማሰሪያው ቆዳ ከሆነ ወይም ሰዓቱ ውሃ የማይችል ከሆነ ጨርቁን አርጥበህ ብቻ ሥራ። የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር አትጠቀም፤ ብዙዎቹ ግሊሰሪን ስላላቸው ቅባት የመሰለ ጭረት መሳይ ዱካ ይተዋሉ። በረኪናም አታስነካው፤ ቅቡንም ብረቱንም ይበላል።

ሶደሬ ፍል ውሃ ስትወርድ ሰዓቱን ቤት ተወው። ሙቀቱ ቅቡን አይነካም፣ የጎማ ቀለበቶቹን ግን ያላላል። መስታወቱ የተቀየረ ሰዓት ከሆነ ደግሞ እንዲህ ፈትነው፦ ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አሙቀህ መስታወቱ መሃል ላይ አንድ ጠብታ የክፍል ሙቀት ውሃ ጣል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠርገህ ተመልከት። ከውስጥ ጭጋግ ከታየ ውስጡ እርጥበት ገብቷል፤ መስታወቱን ወደ ገጠመው ሰው መልሰህ ውሰድ።