የድሮ አሜሪካ ዘመድ ፍለጋ፦ መሬትና ሙግት ያስቀሩት ስም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከአንድ ጉድጓድ የተቀዱ ይመስላሉ። አብዛኞቻችሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነዋሪ ናችሁ። አንዷ የባሏን ዘር፣ አንዱ የሚስቱን አያቶች፣ ሌላው የልጁን የትምህርት ቤት ሥራ ይዞ 1600ዎቹና 1700ዎቹ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ደብዳቤ ፍለጋ ብዙ አትድከሙ። የዚያን ዘመን ገበሬ ስሙን መጻፍ እንኳ ላይችል ይችላል፤ መሬት ሲገዛ፣ ሲሸጥ፣ ሲናዘዝ ወይ ከጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ ግን ጸሐፊው ይመዘግበዋል። ከሁሉም ጋር በሰላም ኖሮ የሞተ ዘመድ ነው የሚያስቸግረው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

"የባለቤቴ ቅድመ አያት ስም በ1653 የመሬት ፓተንት (ከመንግሥት በተሰጠ የመሬት ሰነድ) ላይ ከተዘረዘሩት ሰዎች መሃል አለ። በ1653 መጣ ብዬ ልመዝግብ?" አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ

እንዳትመዘግቢ። ያ ዝርዝር "ሄድራይት" የሚባለው ነው። ቨርጂኒያ ከ1618 ጀምሮ፣ የአንድ ሰው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ላመጣ ሰው 50 ኤከር፣ ማለትም ወደ 20 ሄክታር ገደማ መሬት ትሰጥ ነበር። መሬቱ የከፋዩ ነው፤ የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት የሚያገለግል ሎሌ ነበር። ደግሞ ይህ መብት እንደ ዕቃ ይሸጥ ይለወጥ ስለነበር፣ ሰውየው ከመጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙን ይዞ መሬት የሚጠይቀው አይቶት የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱን ሰው ሁለቴ የቆጠሩም አሉ። ስለዚህ "በ1653 ወይም ከዚያ በፊት" በይ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንቶኒ ጆንሰን በ1621 "አንቶኒዮ" ተብሎ ወደ ቨርጂኒያ የመጣ አፍሪካዊ ነው። ከባርነት ወጥቶ በ1651 በአምስት ሰው ሄድራይት 250 ኤከር ወሰደ። ሂሳቡን ተመልከቺ፦ 5 ጊዜ 50። መሬቱን ባገኘበት ዓመት መጣ ብሎ የሚጽፍ ሰው 30 ዓመት ይስታል።

"ልጄ በአንድ ሰነድ ላይ 'ፌብሩዋሪ 1731/2' የሚል ቀን አገኘችና የጸሐፊ ስህተት ነው አለች።"

ስህተት አይደለም። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ደግሞ ቀላል ነው፤ አዲስ ዓመት የግድ ጃንዋሪ 1 እንደማይገባ ከማንም በላይ እናውቃለን። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱን የሚቀይሩት ማርች 25 ላይ ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ማርች 24 ያለው ጊዜ በእነሱ አቆጣጠር ገና አሮጌው ዓመት ነው፤ አብዛኛው አውሮፓ ግን አዲሱን ጀምሯል። ጸሐፊዎች ሁለቱንም የጻፉት ለዚህ ነው። በ1752 ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ 11 ቀን ዘለሉ፤ ከ2 በቀጥታ ወደ 14። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ሲወለድ ፌብሩዋሪ 11፣ 1731/2 ነበር፤ ዛሬ የልደቱ ቀን ተብሎ የሚጻፈው ግን ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ነው። ቀኑን እንደተጻፈ ገልብጧት፤ አታስተካክሉላቸው።

"ኑዛዜው ላይ 'ሳን ኢን ሎው' (የሴት ልጅ ባል) ይላል፣ ሰውየው ግን ሴት ልጅ አልነበረውም። እንዴት ነው ነገሩ?"

የዚያን ጊዜ "ሳን ኢን ሎው" የእንጀራ ልጅም ሊሆን ይችላል። "መዘር ኢን ሎው" የእንጀራ እናት፣ "ከዝን" ደግሞ የወንድም ወይ የእህት ልጅ ሆኖ ይገኛል። "ኢንፋንት" ሲል ሕፃን አይምሰልህ፤ 21 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ነው። እናቱ በሕይወት እያለች አባቱ የሞተበት ልጅም "ኦርፋን" ይባላል።

እኔን ጉድ የሠራኝ "ጁንየር" ነው። ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች አንድ ሰፈር ካሉ፣ ዝምድና ባይኖራቸውም ታናሹ ጁንየር ይባላል፤ ታላቁ ሲሞት ደግሞ ታናሹ ሲንየር ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አጎትና የወንድም ልጅን አባትና ልጅ አድርጌ ሦስት ወር ሙሉ የተሳሳተ ዘር ስቆጥር ከረምኩ። ለዘመድ ሁሉ አሳትሜ ልኬ ነበር፣ እግዜር ይይላችሁ እንዳትስቁ።

"የካውንቲው ፍርድ ቤት ተቃጥሏል አሉኝ። በቃ ማለት ነው?"

አይደለም። መጀመሪያ ትክክለኛውን ካውንቲ መያዝህን አረጋግጥ። ፌርፋክስ የተቆረሰው በ1742 ከፕሪንስ ዊልያም ነው፤ ፕሪንስ ዊልያም በ1731 ከስታፎርድና ከኪንግ ጆርጅ፤ ስታፎርድ ደግሞ በ1664 ከዌስትሞርላንድ። አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ሦስት ካውንቲ ይኖራል። የቺካጎው ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ወሰኖችን በነፃ በካርታ ያሳያል።

የእውነት ከተቃጠለም መውጫ አለ። አንዳንድ ካውንቲዎች በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ መዝገባቸውን ለደህንነት ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩት፤ በኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል አብሮ ነደደ። የሃኖቨር ብዙው መዝገብ የጠፋው እንዲህ ነው። የመሬት ፓተንቶቹ ግን በካውንቲ ሳይሆን በቅኝ ግዛቱ መንግሥት የተመዘገቡ ናቸውና ተርፈዋል፤ የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸዋል። ከ1782 የሚጀምረው የግብር ዝርዝርም አለ። የጎረቤት ካውንቲም እይ፤ ሰው ድንበር ተሻግሮ ይከሳል፣ ድንበር ተሻግሮም ያገባል።

"ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከ1870ው የሕዝብ ቆጠራ በፊት የቤተሰቧ ስም የለም። መዝገቡ ለነጮች ብቻ ነው?" አንባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ የሁሉም ከባዱ ጥያቄ ያንተ ነው። መዝገቡ ሰዎቹን የጻፈው እንደ ንብረት ስለሆነ፣ የምትፈልገው በባለቤቱ ወረቀት ውስጥ ነው፤ በኑዛዜው፣ በሟች ንብረት ቆጠራው፣ ለልጁ በሰጠው የስጦታ ውል፣ በዕዳ መያዣው። የንብረት ቆጠራ ስታነብ ላሙና ድስቱ በተዘረዘረበት ገጽ ላይ የሴት ስም፣ ቀጥሎ የልጇ ስም፣ ከፊት ለፊቱ ዋጋ ታገኛለህ። ማንበቡ ይከብዳል። ግን እናትና ልጅ አንድ ላይ የተጻፉበት ብቸኛው ወረቀት እሱ ሊሆን ይችላል።

የእናት መስመር ተከተል። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ የልጁ ባርነት ወይም ነፃነት የሚወሰነው በእናቱ ነው። በዚህ የተነሳ ነፃነቱን በፍርድ ቤት የሚጠይቅ ሰው አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ማስረዳት ነበረበት። አገር ቤት ርስት የሚሟገት ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

ሜሪላንድ ስለሆንክ የበትለሮችን ጉዳይ ፈልገህ አንብብ። ኤሌኖር በትለር አየርላንዳዊት ሎሌ ነበረች፤ በ1681 ቻርልስ የሚባል ባሪያ አገባች። ከነፃ ሰው ጋር ተጋብታ ቢሆን የልጆቿ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር፤ በ1664ቱ የሜሪላንድ ሕግ ግን ባሪያ ያገባች ነጭ ሴት ልጆች ባሪያ ናቸው። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ዘሮቿ ዊልያምና ሜሪ ከሰሱ። ሽማግሌ ጎረቤቶች ቀርበው ስለ ሠርጉ፣ የሜሪላንድ ባለቤት የነበረው ሎርድ ባልቲሞር ልጅቷን "ተይ ይቅርብሽ" ብሎ እንዳስጠነቀቃት የሰሙትን መሰከሩ። በ1771 በይግባኝ ተሸነፉ። ሜሪ የተባለችው ልጃቸው እንደገና ከሳ በ1787 አሸነፈች። በዚያ የክስ መዝገብ ውስጥ ያለው የትውልድ ቆጠራ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አይገኝም። የሚስትህ ቤተሰብ እዚያ ላይኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ክስ ግን ብዙ ነው።

"መሬቱ በ5 ሽልንግ ተሸጠ ይላል። ይህን ያህል ርካሽ ነበር?"

ገጹን ግለጪ። የ5 ሽልንጉ የአንድ ዓመት ኪራይ ነው፤ ለወጉ። በማግስቱ የተጻፈው ሁለተኛው ውል ላይ እውነተኛው ዋጋ አለ። "ስለ ፍቅር" ተብሎ የተሰጠ ከሆነ ግን ተቀባዩ ልጅ ወይ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ደስ ይበልሽ።

"የሴቶቹን ስም ከየት ላግኝ?"

ከሲሶው። በዚያ ዘመን ባል ሲሞት ሚስት በሕይወት እስካለች የመሬቱ ሲሶ ይገባት ነበር። ስለዚህ ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት መብቷን መልቀቅ ነበረባት፤ ባል በሌለበት ለብቻዋ ተጠይቃ "ወድጄ ነው" ማለቷ ይመዘገባል። ውሉ ላይ ስሟ ባይኖር እንኳ ከሥሩ ወይ በፍርድ ቤቱ የዕለት መዝገብ ላይ አለ።

"የመሬቱ ወሰን በዛፍና በ'ፖል' ነው የተገለጸው። ምን ላድርገው?"

አንድ ፖል 16 ጫማ ተኩል፣ ወደ 5 ሜትር ነው። 160 ካሬ ፖል አንድ ኤከር ይሆናል። እኔ ባለመስመር የሒሳብ ወረቀት ላይ ለ20 ፖል አንድ ሴንቲ ሜትር እሰጥና ከመጀመሪያው ዛፍ ጀምሬ በማዕዘን መለኪያ እስላለሁ። የመጨረሻው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ጋር አይገጥምም፤ ቀያሹ ወይ ገልባጩ ስቷል። ከዚያ የጎረቤቱን ውል ስስል ያው ነጭ ኦክ ዛፍ ይመጣል፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ልክክ ይላሉ። የጎረቤቶቹን ስም ሁሉ ያዝ፤ የሚስቱ አባት ከእነሱ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

"ገንዘብ መክፈል አለብኝ?"

መጀመሪያ ላይ የለብሽም። ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ የእጅ ጽሑፉን ኮምፒውተር አንብቦ በማንኛውም ቃል ይፈልግልሻል። የጎረቤቱን ስም አስገቢበት እንጂ የራስሽን ሰው ብቻ አትበይ። ከፊት ሁለት ትንንሽ "ኤፍ" ያለው ስም ካየሽም አትደንግጪ፤ አንድ ትልቅ "ኤፍ" ማለት ነው።