ጨው ኤሌክትሮን «ይካፈላል» ወይ?

ጥያቄ፦ ስለ ኬሚካል ቦንድ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በአንድ የጨው ሞለኪውል ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን ኤሌክትሮን ይካፈላሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይታው «ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው» አለችኝ። አማርኛው ምን ሆነ?

መልስ፦ ሰዋስውሽ ምንም አልሆነም። ችግሩ የቃል ምርጫው ላይ ነው፤ ጓደኛሽ ትንሽ ብታጋንንም እውነቷን ነው።

ከግሡ እንጀምር። ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ አዮናዊ ውህድ ነው፤ አዮን ከሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ካላቸው አቶሞች የተሠራ ማለት ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ያጣና ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል፣ ክሎሪን ያንን ወስዶ ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያያይዛቸው የተቃራኒ ቻርጆች መሳሳብ ነው። የጋራ የሆነ ኤሌክትሮን የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው «ሰጠ» እና «ተቀበለ» ይላል፣ አያስኬድም አልልም። እኔ ግን «አጣ» እና «ወሰደ» ይሻለኛል፤ «ሰጠ» ሲባል ሶዲየም ቸር ይመስላልና። ብሶ «መስጠት ይፈልጋል» የሚሉም አሉ። ኧረ ምን ሲደረግ! ከአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶም የሚቆጥሩበት ቋሚ ብዛት) የሶዲየም ጋዝ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል፣ ክሎሪን ሲቀበል የሚለቀው ደግሞ 349 ገደማ ብቻ ነው። ጉድለቱን የሚሸፍነው አዮኖቹ ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚወጣው ኃይል ነው።

መጋራት ያለው ኮቫለንት ቦንድ ላይ ነው። በውሃ ውስጥ ኦክስጅን ከእያንዳንዱ ሃይድሮጅን ጋር አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛል። እዚህም ቢሆን «ይካፈላሉ» አልልም። ወንድማማቾች ገንዘብ ተካፈሉ ሲባል እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ሄዷል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን አይከፈሉም፣ የሁለቱም ሆነው ይቆያሉ። «ይጋራሉ» በይ። እኩል ይጋራሉ እንዳትይ ብቻ፤ ኦክስጅን ወደ ራሱ ይስባቸዋል፣ የውሃ ሞለኪውል በኦክስጅን በኩል በመጠኑ ኔጌቲቭ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«የጨው ሞለኪውል»ም አያስኬድም። በጨው ክሪስታል ውስጥ አንዱን ሶዲየም 6 ክሎሪን ይከቡታል፣ አንዱን ክሎሪንም 6 ሶዲየም። የትኛው የየትኛው ጥንድ ነው ልትይ ነው? «የጨው ክሪስታል» በቂ ነው። «የውሃ ሞለኪውል» ግን ትክክል ነው። ይህ ማለት ኮቫለንት የሆነ ሁሉ ትንንሽ ሞለኪውል አለው ማለት አይደለም፤ አልማዝ ውስጥ ካርቦኖቹ ሁሉ በኮቫለንት ቦንድ ተያይዘው አንድ ሰፊ መረብ ሆነዋል።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ልጨምርልሽ። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሆኖ ሳለ ሁለቱ አቶሞች ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ክሎሪኑ የጋራውን ጥንድ ጠቅልሎ ያስቀራል፣ ሃይድሮጅኑም ራቁቱን ወደ ውሃ ሞለኪውል ይሻገራል። ስለዚህ ግሡን ከመምረጥሽ በፊት ጋዝ ነው ወይስ ሟሟ ብለሽ ጠይቂ።

«ቦንድ» ወይስ «ትስስር»? ሁለቱም ይሆናል፣ አንዱን ይዘሽ እስከ መጨረሻው ሂጂ።

ዓረፍተ ነገርሽን እንዲህ አስተካክዪው፦ «በጨው ክሪስታል ውስጥ ሶዲየም ኤሌክትሮን አጥቶ፣ ክሎሪንም ወስዶ፣ ሁለቱ አዮኖች ይሳሳባሉ»።